የደም ስኳር ልኬት፦ ቁጥሩ ምን ይነግረናል? ምንስ አይነግረንም?

በፊዚክስ ትምህርት የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ልኬት ነው። ርዝመት በሜትር፣ መጠነ ቁስ በኪሎ ግራም፣ ጊዜ በሰከንድ እንደሚለካ እንማራለን። ማንኛውም ልኬት የተሟላ ይሆን ዘንድ ቁጥሩ፣ አሃዱና የስህተቱ ወሰን አብረው መገለጽ እንዳለባቸውም ይነገረናል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ እንደ መግቢያ ብቻ ቆጥረው በፍጥነት ያልፉታል። ሆኖም በሕይወታችን ከምንቀበላቸው ልኬቶች ሁሉ ከባድ ውሳኔ ከሚያስከትሉት አንዱ፣ ማለትም የደም ስኳር ልኬት፣ በትክክል የሚነበበው በዚሁ ምዕራፍ እውቀት ነው።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት ማለዳ በጤና ጣቢያ ጣታቸውን ተወግተው ሲለኩ 131 የሚል ቁጥር ተጽፎ ተሰጣቸው እንበል። ጎረቤታቸው «የእኔ እኮ 240 ነበር፤ ያንቺማ ምንም አይደል» ብለው ያጽናኗቸዋል። በአውሮፓ የምትኖረው ልጃቸው ደግሞ በስልክ ሰምታ «እማዬ፣ የእኔ 5 ነው፤ እንዴት 131 ይሆናል?» ብላ ትደነግጣለች። አንዷ ያለ ጊዜው ተጽናንታለች፤ ሌላዋ ያለ ምክንያት ደንግጣለች። ለመሆኑ 131 ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄው የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው አትላስ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል 589 ሚሊዮን የሚሆኑት ከስኳር በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥሩ አራት ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። የማያውቁት ሰዎች ድርሻ እጅግ ከፍተኛ የሆነው ደግሞ በአፍሪካ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ወደ ሕክምና የሚያደርሰው ልኬት ነው፤ ልኬቱም የሚጠቅመው ትርጉሙን ለተረዳ ሰው ነው።

አንድ የሻይ ማንኪያ

በመጀመሪያ የሚለካው ነገር ምን ያህል እንደሆነ እናስላ። አንድ ጎልማሳ በአማካይ 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ጤናማ ሰው በማለዳ ሳይበላ ሲለካ፣ በእያንዳንዱ ዴሲ ሊትር (የሊትር አንድ አሥረኛ) ውስጥ 90 ሚሊ ግራም ያህል ግሉኮስ ይገኛል እንበል። 5 ሊትር 50 ዴሲ ሊትር ስለሆነ፣ 50 በ90 ሲባዛ 4,500 ሚሊ ግራም ወይም 4.5 ግራም ይሆናል። በመላ ደማችን ውስጥ የሚዘዋወረው ግሉኮስ እንግዲህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር የሚመጣጠን ነው!

የስኳር በሽታ ወሰን ተብሎ የሚታወቀው 126 ሚሊ ግራም በዚሁ ስሌት 6.3 ግራም ይሆናል። ልዩነቱ 1.8 ግራም፣ ማለትም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል በአንድ ማዕድ የምንመገበው እንጀራ ወይም ዳቦ በሆድ ውስጥ ሲፈጭ በብዙ አሥሮች የሚቆጠር ግራም ግሉኮስ ያስገኛል። ስለዚህ «ሻዬን ያለ ስኳር ስለምጠጣ የስኳር በሽታ አይነካኝም» የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የለውም። በደም ውስጥ የሚገኘው ግሉኮስ ከስኳር ዕቃው ብቻ የመጣ አይደለም።

ይህን ያህል ግሉኮስ እየገባ የደሙ መጠን በጠባብ ወሰን የሚጠበቀው በቁጥጥር ሥርዓት ነው። የቤታችን ሮቶ ውኃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ ቧንቧውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ይከፍታል። በሰውነታችንም ግሉኮስ ሲጨምር ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ጡንቻና ስብም ግሉኮሱን ይወስዳሉ፤ ጉበትም ያከማቻል። ሲቀንስ ጉበት ካከማቸው ይለቅቃል። በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ኢንሱሊን አመንጪዎቹ ሕዋሳት ይጠፋሉ፤ በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል፣ ቆሽትም ቀስ በቀስ ማሟላት ያቅተዋል።

አንድ መጠን፣ ሁለት አሃድ

የልጅቷ ድንጋጤ ምንጭ አሃድ ነው። በአገራችን፣ እንዲሁም በአሜሪካ፣ የደም ስኳር የሚገለጸው በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን በሚሊ ሞል በሊትር ይገለጻል። የአንድ ሞል ግሉኮስ መጠነ ቁስ 180 ግራም ያህል ስለሆነ፣ አንድ ሚሊ ሞል በሊትር 18 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። የልጅቷ 5 በ18 ሲባዛ 90 ይሆናል። የእናቷ 131 ደግሞ ለ18 ሲካፈል 7.3 ነው። አሁን ማነጻጸር ይቻላል።

ይህ የሂሳብ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። ዘመዶቻችን ከውጭ የሚልኳቸው መለኪያዎች አንዳንዶቹ በሚሊ ሞል ብቻ ያሳያሉ። መሣሪያው 20 ቢያሳይ፣ ይህ 360 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ እጅግ ከፍተኛ ማለት ነው። አሃዱን ያልተመለከተ ቤተሰብ ግን «ስኳሯ ወርዷል» ብሎ ለታማሚዋ ስኳር በጥብጦ ሊያጠጣት ይችላል። በመሣሪያው መስኮት ላይ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈችውን ትንሽ አሃድ ማንበብ የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ልማድ ነው።

ኤሌክትሮን የሚቆጥረው መሣሪያ

ከጣት በተወሰደ ጠብታ ስኳር የሚለካው መሣሪያ፣ ግሉኮሜትር፣ በባሕርይው የኤሌክትሪክ ጅረት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሊላንድ ክላርክና ቻምፕ ላዮንስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ኤንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር በማጣመር ግሉኮስን በኤሌክትሪክ መንገድ መለካት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የመጀመሪያው መሣሪያ ግን የወረቀት ቁራጩ ቀለም የሚያንጸባርቀውን ብርሃን የሚለካ፣ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በብዕር መጠን የተሠራው ኤሌክትሪካዊ መለኪያ ገበያ ላይ ዋለ፤ ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ የምናያቸው የእርሱ ተከታዮች ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስትሪፕ በሚባለው ቁራጭ ላይ ግሉኮስን ለይቶ የሚያውቅ ኤንዛይም ተቀብቷል። ኤንዛይሙ ከእያንዳንዱ የግሉኮስ ሞለኪውል ሁለት ኤሌክትሮኖችን ያወጣል፤ ሌላ አቀባባይ ንጥረ ነገር ኤሌክትሮኖቹን ወደ ኤሌክትሮዱ ያደርሳቸዋል፤ መሣሪያው ጅረቱን ለክቶ ወደ ስኳር መጠን ይለውጠዋል።

ስንት ኤሌክትሮን? ስትሪፑ የሚስበው ደም ግማሽ ማይክሮ ሊትር ነው እንበል፤ ይህ ከአንድ ተራ የውኃ ጠብታ መቶኛው ያህል ነው። ስኳሩ 100 ከሆነ በዚህ ጥቂት ደም ውስጥ ግማሽ ማይክሮ ግራም ግሉኮስ አለ፤ በሞለኪውል ቁጥር 1.7 ኳድሪሊዮን ያህል (ከ17 በኋላ አሥራ አራት ዜሮ) ማለት ነው። ሁሉም ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን ቢሰጡ የሚገኘው ሙል ግማሽ ሚሊ ኩሎምብ ያህል ይሆናል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያገኘው ሕግ ዛሬ በሴት አያታችን ጣት ጫፍ ላይ ይሠራል።

የስህተት ምንጮች

ይህ ስሌት የስህተቱንም ምንጭ ያሳየናል። የሚለካው ግሉኮስ ግማሽ ማይክሮ ግራም ብቻ ከሆነ፣ በጣት ላይ የቀረ ሌላ ግማሽ ማይክሮ ግራም ውጤቱን እጥፍ ያደርገዋል። ማር ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ግሉኮስ ነው፤ በመሆኑም በዓይን የማይታይ የማር ቅሪት ጤናማውን ሰው ታማሚ ሊያስመስል ይችላል። ማንጎ ወይም ብርቱካን የላጠ እጅም እንዲሁ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመለካት በፊት እጅን በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ማድረቅ። እርጥብ ጣት ደግሞ ደሙን ያቀጥነዋል።

ሁለተኛው ምንጭ ደሙ ራሱ ነው። የቀይ ደም ሕዋሳት ድርሻ ከፍ ሲል መሣሪያው ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ፣ የደም ማነስ ባለበት ሰው ደግሞ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሦስተኛው አካባቢው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የኦክስጅን ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአንዳንድ ስትሪፖች ኦክስጅን ከአቀባባዩ ጋር በኤሌክትሮን ስለሚሻማ፣ አምራቾች መሣሪያው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚያገለግል በመመሪያው ይገልጻሉ። ጊዜው ያለፈበት ወይም ክዳኑ ክፍት ሆኖ እርጥበት የገባበት ስትሪፕም አይታመንም።

ይህ ሁሉ ተጠብቆም እንኳ ፍጹም ልኬት የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጠይቀው፣ ስኳሩ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመቶ ልኬቶች 95ቱ ከእውነተኛው ዋጋ በ15 በመቶ ውስጥ እንዲሆኑ ነው። ከ100 በታች ደግሞ በ15 ሚሊ ግራም ውስጥ። እንግዲህ የእኒያ እናት 131 በግምት ከ111 እስከ 151 ባለው ክልል ውስጥ ያለን ዋጋ ያመለክታል፤ 126 የሚለው ወሰን ደግሞ በመካከሉ ነው። መንገድ ዳር ክብደታችንን የሚለኩልን ልጆች ሚዛን አንድ ኪሎ ቢሳሳት ብዙ አያሳስበንም፤ የውሳኔ ወሰን አጠገብ ያለ ስህተት ግን ውሳኔውን ይቀይራል። ስለዚህ በግሉኮሜትር አጠራጣሪ ውጤት ያገኘ ሰው ከክንድ ደም ሥር ተወስዶ በላቦራቶሪ በሚደረግ ምርመራ ማረጋገጥ ይኖርበታል። መሣሪያው ይበልጥ የሚያገለግለው ሕመሙ የታወቀለት ሰው ራሱን ለመከታተል ነው።

ላቦራቶሪውም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በቱቦ ውስጥ ያሉት የደም ሕዋሳት ሕያዋን ስለሆኑ ግሉኮሱን መመገባቸውን ይቀጥላሉ፤ ናሙናው እንዲሁ ከተቀመጠ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። 126 የነበረው ደም ሁለት ሰዓት ቢዘገይ 111 ገደማ ሆኖ ይነበባል፤ ታማሚው «ደህና ነህ» ተብሎ ይመለሳል። ፕላዝማው ቶሎ የሚለየው ለዚህ ነው።

«በባዶ ሆድ» ማለት ምን ማለት ነው?

በውጤት ወረቀት ላይ «ኤፍ.ቢ.ኤስ.» የሚለው በባዶ ሆድ፣ «አር.ቢ.ኤስ.» የሚለው ደግሞ በማንኛውም ሰዓት የተለካውን ያመለክታል። ባዶ ሆድ ማለት ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው። እዚህ ላይ በአገራችን የሚፈጠር መደናገር አለ። በዐቢይ ጾም ማለዳ ሽሮ የቀመሰ ሰው «ጾም ላይ ነኝ» ቢል እውነቱን ነው፤ ለላቦራቶሪው ግን ሆዱ ባዶ አይደለም። በረመዳን ሱሑር በልቶ በጠዋቱ የሚመረመር ሰውም እንዲሁ። ስኳር የሌለው ቡናም ቢሆን እስከ ምርመራው ቢቆይ ይሻላል።

በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤናማ ነው፤ ከ100 እስከ 125 የቅድመ ስኳር በሽታ ደረጃ ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይህን ደረጃ የሚጀምረው ከ110 ነው። 126 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታን ያመለክታል። ግልጽ ምልክት ያለበት ሰው በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነም በሽታው አለበት ይባላል። ምልክት የሌለበት ሰው ግን በአንድ ውጤት አይፈረድበትም፤ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልገዋል። ጎረቤትየዋ 240 የተለኩት ከምግብ በኋላ ከሆነ፣ የሁለቱ ሴቶች ቁጥሮች ጎን ለጎን ሊቀመጡ አይችሉም፤ የተለካው በተለያየ ሁኔታ ነውና። ደግሞም 240 ራሱ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ እንጂ ማጽናኛ የሚሆን ቁጥር አይደለም።

126 የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥርም አይደለም። እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወሰኑ 140 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካው የስኳር በሽታ ማኅበር፣ በ1999 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ወደ 126 ዝቅ አደረጉት። ምክንያቱም በዓይን ሬቲና ላይ የሚታየው ጉዳት ከዚያ ገደማ ጀምሮ መጨመሩ ስለታወቀ ነው።

የሦስት ወር መዝገብ

የአንድ ማለዳ ልኬት የአንድ ቅጽበት ፎቶግራፍ ነው። ረዘም ያለ ታሪክ የሚነግረን «ኤ ዋን ሲ» የሚባለው ምርመራ ነው። ግሉኮስ በቀይ ደም ሕዋስ ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ ሕዋሱ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ የተጣበቀው ድርሻ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። በሂሳብ ቋንቋ ኢንቴግራል ልንለው እንችላለን። ይህን ትስስር ከስኳር በሽታ ጋር ያገናኘው ኢራናዊው ሐኪም ሳሙኤል ራህባር ሲሆን ዘመኑም 1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነበር። ውጤቱ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታን ያመለክታል፤ ይህም 140 ያህል ከሆነ አማካይ ጋር ይመሳሰላል። ጾም መዋል አያስፈልገውም። ሆኖም የደም ማነስና የቀይ ሕዋሳትን ዕድሜ የሚያሳጥሩ ሕመሞች ውጤቱን ያዛባሉ።

ምልክት ሳይታይ ለምን እንለካ?

ብዙ ሰው ሽንቱ እስኪበዛ፣ ጥሙ እስኪጸና፣ ክብደቱ እስኪቀንስ ይጠብቃል። ኩላሊት ግን ግሉኮስን ወደ ሽንት የሚለቀው በደም ያለው መጠን በአማካይ 180 ገደማ ሲያልፍ ነው። በ126 እና በ180 መካከል ያለ ሰው ለዓመታት ሽንቱ ንጹሕ፣ ስሜቱም ደህና ሆኖ የዓይኑ፣ የኩላሊቱና የነርቩ ጥቃቅን ደም ሥሮች ሊጎዱ ይችላሉ።

የነርቭ ጉዳት ምን እንደሚያስከትል ኮልፌ ቀራንዮ ከብዙ አካባቢዎች በፊት ያውቃል። በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። ሥጋ ደዌና የስኳር በሽታ መንስኤያቸው ፈጽሞ የተለያየ ቢሆንም፣ ሁለቱም የእግርን የሕመም ስሜት ሊያጠፉ ይችላሉ። ስሜት የሌለው እግር ጠጠር ሲወጋው አያውቅም፤ ቁስሉ ሳይታወቅ ይሰፋል፤ መጨረሻውም እግር መቆረጥ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ሕመሞች ከሚያገለግሉት መመርመሪያዎች አንዱ የናይሎን ክር ነው። በስኳር ሕመም የተለመደው ክር የ10 ግራም ክብደት ያህል ኃይል ሲያርፍበት እንዲጎብጥ ሆኖ የተሠራ ነው። ታማሚው ይህን ካልተሰማው እግሩ አደጋ ላይ ነው።

ወጣት አንባቢያን «ይህ የወላጆቻችን ጉዳይ ነው» እንዳይሉ አንድ ነገር እንጨምር። አንደኛው ዓይነት በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል። በጎንደር ሺታዬ ዓለሙ እና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ታማሚዎች በአብዛኛው ቀጫጭን፣ ድሆችና ወጣት ወንዶች መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ «የሀብታምና የወፍራም በሽታ» የሚለው አባባል እኛን አይገልጸንም። የመኝታ ክፍል ጓደኛችን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከከሳ፣ ውኃ ከጠጣ የማይረካና ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ ከሆነ፣ ከዚያም ካስመለሰውና ትንፋሹ ከተለወጠ፣ ታይፎይድ ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም። የዚያኑ ዕለት ስኳሩ ይለካ፤ የቀናት መዘግየት ሕይወት ያሳጣልና።

ምን እናድርግ?

የአሜሪካው ማኅበር ዕድሜያቸው 35 ዓመት የሞላ ሰዎች ሁሉ እንዲመረመሩ ይመክራል። ከዚያ በታች ቢሆኑም ወላጅ ወይም ወንድምና እኅት ታማሚ ያለባቸው፣ የደም ግፊት ወይም ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው፣ በእርግዝና ወቅት ስኳር ታይቶባቸው የነበሩ እናቶች ቶሎ ቢመረመሩ ይጠቅማቸዋል። በየዓመቱ ኅዳር 5 ቀን ገደማ የሚከበረው የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ጥሩ ማስታወሻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም ለትምህርቱ የቆየ ተቋም ነው።

ውጤት ስንቀበል አራት ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ አሃዱ ምንድን ነው? የተለካው ስንት ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከጣት ነው ወይስ ከደም ሥር? የሚደገመውስ መቼ ነው? መልሶቹን ከቀኑ ጋር በደብተር እንጻፍ። መድኃኒት የጀመረ ሰው ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደና መዋጥ ከቻለ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለካ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ወደ ጠበል ሲሄድ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ እንጂ አያቋርጥ፤ እምነቱም ሕክምናውም ጎን ለጎን ሊጓዙ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በቶሮንቶ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በኢንሱሊን እስኪታከም ድረስ፣ አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በአጭር ጊዜ የሚገድል ሕመም ነበር። ዛሬ ሕመሙ ታውቆ ክትትል ከተደረገበት ሰው ተምሮ፣ ሠርቶና ልጆች አሳድጎ ረጅም ዕድሜ ይኖርበታል። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ተማሪ በዚህ ሳምንት ወደ ቤቱ ሲሄድ እናቱን ወይም አባቱን «ስኳራችሁን የተለካችሁት መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሳቸው «አናስታውስም» ከሆነ፣ አንድ ማለዳ ቁርስ ሳይበሉ አብሯቸው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ቁጥሩንም ከአሃዱ ጋር ያንብብላቸው።